ሁሉንም አሸንፎ ሦስተኛ የወጣው ሰው

ውድ የክበባችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ስንገናኝ ስፒድዌይ ስለሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር ጠይቃችሁኝ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አራት ሰው፣ አራት ዙር፣ የአፈር መም። ሞተሩ ግን ፍሬን የለውም! መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ፣ ግራ እግርን መሬት እያስነኩ ነው የሚዞሩት።

እኔ የምወደው አርተር ዊልኪንሰንን ነው። አውስትራሊያዊ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ብሉዊ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ለንደን፣ ዌምብሌይ ላይ ተካሄደ። ብሉዊ አምስቱንም ውድድሮቹን አሸነፈ። ሙሉ 15 ነጥብ! ዋንጫው ግን የሱ አልሆነም። ምነው ቢሉ፣ ከማጣሪያው የመጣ ተጨማሪ ነጥብ ይደመር ነበር። እሱ 25፣ ላዮኔል ቫን ፕራግና ኤሪክ ላንግተን 26፣ 26 ሆኑ። ሁለቱ ለብቻቸው ተወዳድረው ቫን ፕራግ አሸነፈ። እኔን ብትጠይቁኝ ግፍ ነው።

ብሉዊ በ1938 ተመልሶ መጣ። ትከሻው አጠገብ ያለው አጥንት ተሰብሮ፣ በፋሻ ተጠፍንጎ ነው የተወዳደረው። ያኔ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1940፣ ሲድኒ ውስጥ በመንገድ ላይ አደጋ ሞተ። በውድድር ሜዳ ሳይሆን ተራ መንገድ ላይ።

ቅዳሜ ስትመጡ ሄልሜት እንዳትረሱ።