የጋሼ ሬዲዮ ነገር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሰህ። እትዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መጀመሪያ ስደበኝ፤ ሰድበህ ስትጨርስ ወደ ታች ታነባለህ። ጋሼ ሲያርፉ ለቅሶ መድረስ ባልችል መደወል እችል ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት «ማታ እደውላለሁ» ስል አለፈ። ከዚያ አርባቸው ደረሰ። ከዚያ ሙት ዓመታቸው። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? እፍረት እንደ አራጣ ነው፤ ዝም ባልክ ቁጥር ይወልዳል። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ። ይቅር በለኝ።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝን ብነግርህ ትስቃለህ። የጋሼ ሬዲዮ ነው።

2000 ዓ.ም. ትዝ ይልሃል? ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ጋሼ የአሜሪካ ድምፅን ፍለጋ አንቴናውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ይቆማሉ። የዚያን ዓመት አጭር ሞገዱ ይታፈን ስለነበር ከወሬው ሹሹታው ይበዛ ነበር። እኛ ሁለቱ መሐንዲሶች «እናስተካክልላቸው» ብለን እሳቸው እድር ሲሄዱ ጀርባውን ፈታነው። ውስጡ ትንንሽ የቆርቆሮ ሳጥኖች ነበሩ። አናታቸው ላይ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር የተቀቡ ብሎኖች። ላልተዋል አልንና አንድ በአንድ አጠበቅናቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሬዲዮው ከአዲስ አበባ በቀር አልይዝም አለ። ጋሼ ደግሞ «አፈናው ባሰበት እኮ!» እያሉ መንግሥትን ሲራገሙ ከረሙ። እኛ ሳቃችንን ዋጥን።

ወንድሜ፣ ብሎኖቹ አልላሉም ነበር።

በየሳጥኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ብሎን ያልነው ፌራይት ይባላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጥቅሉ የሚመርጠው ሞገድ ይለወጣል። ሬዲዮው የያዘውን ጣቢያ ሁሉ መጀመሪያ ወደ አንድ ቋሚ ሞገድ ያመጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ። ሳጥኖቹ በሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ለዚያች ቁጥር የተቃኙ ናቸው። እኛ እያንዳንዱን በየፊናው ሰደድነው። ይህን ያወቅሁት አምና ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ (ለደስታ ብሎ በሬዲዮ ከማያውቁት ሰው ጋር ለማውራት) ሳጠና ነው። መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን ሳይ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። (ፈተናው ራሱ አያስፈራም። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለስክ አለፍክ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ይታወቃሉ።)

እዚህ ውስጥ የገባሁት አውራ ጣት በምታህል ዕቃ ነው። እንደ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች። የተሠራችው ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግድም ግን አንዳንድ ጎርጓሪዎች ውስጧ ያለችው የሪልቴክ ቺፕ የሞገዱን ጥሬ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ማቀበል እንደምትችል ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የ30 ዶላር ሬዲዮ ሆና ቀረች፤ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ትሰማለች። የጋሼ ሬዲዮ በጥቅልና በፌራይት የሚሠራውን እሷ በሒሳብ ትጨርሰዋለች። የሚጠብቅ ብሎን የላትም። ለእኔና ላንተ ታስባ የተሠራች ነው የምትመስለው።

በ1090 ሜጋ ኸርዝ አውሮፕላኖች ማንነታቸውን፣ ከፍታቸውንና ያሉበትን እየተናገሩ ያልፋሉ። የኛው አየር መንገድ እዚህ ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ሲወርድ ካርታዬ ላይ አየዋለሁ። በርበሬ መጣ እላለሁ።

ልቤን የወሰደችው ግን ኖኣ 15 ናት። የአየር ሁኔታ ሳተላይት ነች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመጠቀች። ለአንቴና የልብስ መስቀያ ሽቦ ሁለት ቦታ ቆረጥኩ፤ እያንዳንዱ 53 ሳንቲ ሜትር። በ120 ዲግሪ ከፍቼ በረንዳ ላይ አስተኛኋቸው። ከአድማስ ብቅ ስትል «ቲክ-ታክ፣ ቲክ-ታክ» የሚል ድምፅ መጣ። በሴኮንድ ሁለት መስመር ነው የምትልከው። ሸማኔ ማጉን አንድ በአንድ እንደሚያስገባ፣ ምስሉ ስክሪኔ ላይ መስመር በመስመር ተሸመነ። መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ፣ ቀጥሎ ደመና፣ ከደመናው ሥር የፍሎሪዳ ጫፍ። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብልህ አትመነኝም። ባለቤቴን ጠራኋት። አየችና «የኮቴ መስቀያ የት ሄደ?» አለች።

ደግሞ አንድ ሰሞን ሹሹታ መጥቶ ሁሉን ዋጠብኝ። ምጣዱን ጠረጠርኩ፤ እንጀራ ስትጋግር ነው አልኩ። ቤቱን በሙሉ አጥፍቼ አንድ በአንድ ሳበራ ለካ የገዛ ስልኬ ርካሽ ቻርጀር ነው። ምጣዱን በሐሰት ስለከሰስኩ ቤት ውስጥ እስካሁን ይነሳብኛል።

ኖኣ 15ን ባለፈው ነሐሴ ዘጓት። 27 ዓመት ሠርታለች። በሰዓቷ በረንዳ ወጥቼ ብጠብቃት ዝም። አሁንም ከላይ ትዞራለች፣ ግን አትናገርም። የዚያን ማታ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ለማላውቀው ሰው ሌሊት ለሌሊት «ማን አለ?» እያልኩ ስጣራ አድራለሁ፣ ላንተ ስልክ ማንሳት ግን አቃተኝ።

ስማ፣ ዕቃ መግዛት አያስፈልግህም። ሆላንድ ውስጥ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተጀመረው፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ጣቢያ እንዲፈልግበት ክፍት ነው። እኔ እዚያ ላይ በሞርስ (በነጥብና በሰረዝ ድምፅ) «ኢቲ3ኤኤ» ሲል ሰምቻለሁ። 5 ኪሎ ያለው የአማተሮች ክበብ መለያ ነው። ከኢትዮጵያ የሚያሰማ ጥቂት ስለሆነ የዓለም አማተር ሁሉ ያሳድደዋል። አንተ በእግርህ ትሄዳለህ። ገብተህ አይተህ ጻፍልኝ።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ባንተ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኔ፣ ሁለታችንም የሆላንዱን እንክፈትና 14 ሜጋ ኸርዝ ላይ እንገናኝ። እየሰማን በስልክ እናወራለን። እኔ ነኝ የምደውለው።

ሬዲዮው አለ? ካለ ለልዋጭ እንዳትሰጠው፣ ማንም እንዳይከፍተው። ስመጣ 455 ላይ እመልሰዋለሁ። ለእትዬ እውነቱን አብረን እንነግራቸዋለን። ግን ከአሁኑ እንተማመን፤ ቢጫውን ያጠበቅኸው አንተ ነህ።

ወንድምህ