ስለ አሬስት የሰጠሁሽ መልስ ልክ አልነበረም

ሰላም ውዴ እንዴት ከረምሽ፣ በጣም ጠፋሁብሽ አይደል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጨረሻ ስንጻጻፍ እንግሊዝኛ እያጠናሽ ነበርና «አሬስት ማለት ማሰር ነው አይደል?» ስትዪኝ «አዎ» ብዬሽ አለፍኩ፣ ከዛ ወዲህ ያቺ መልስ ስትቆረቁረኝ ነው የከረመችው።

የአሬስት የመጀመሪያ ትርጉሙ ማስቆም ነው። እንግሊዝኛ ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የወሰደው፣ የሱም ስር ላቲን «ስታሬ» ነው፣ መቆም ማለት። አሁን የኛን «ቆመ» አስቢው፣ ሰውየው በእግሩ ቆመ እንላለን፣ መኪናው ቆመም እንላለን፣ ያው አንድ ቃል ነው! ይሄን ሳስተውል እንዴት ደስ እንዳለኝ።

እና ፖሊስ አንድን ሰው አሬስት አደረገ ሲባል ያዘው፣ በቁጥጥር ስር አዋለው ነው እንጂ ተፈረደበት አይደለም፣ ክሱ ራሱ ገና ላይመሰረት ይችላል፣ ተጠይቆ በዛው ቀን የሚለቀቅም አለ። ለዚህ ነው ዜና ላይ «ታሰረ» ተብሎ ሲተረጎም የሚከፋኝ፣ አንባቢው ጥፋተኛ ነው ብሎ ይደመድማል፣ የሰው ስም እኮ ነው። «ተያዘ» ቢባል ምን ነበረበት፣ አሬስት ዋራንትን ራሱ የመያዣ ትዕዛዝ አይደል የምንለው። በነገራችን ላይ መርከብም አሬስት ይደረጋል፣ ዕዳ ሲኖርበት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከወደብ እንዳይወጣ ያግዱታል፣ በፈረንጆቹ 1952 ብራስልስ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁሉ አለው።

ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ግን ካርዲያክ አሬስትን ነው። ብዙ ሰው ከኸርት አታክ ጋር ያምታታዋል። ኸርት አታክ ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው የደም ስር ሲዘጋ ነው፣ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያውቃል፣ ደረቴን አመመኝ ብሎ ሊነግርሽ ይችላል፣ ካርዲያክ አሬስት ግን ልብ ደም መርጨቷን ስታቆም ነው፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ቢጠሩት አይሰማ፣ ትንፋሹ ወይ የለም ወይ እንደ ጤነኛ አይደለም። ያኔ አምቡላንስ እየተጠራ ወዲያው የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል መጫን ነው፣ እስኪመጡ አለማቋረጥ። ኸርት አታኩ ወደዚህ ሊያደርስ ይችላል፣ ግን አንድ አይደሉም። የቃሉን ትርጉም ማወቅ ሰው የሚያድንበት ቦታ አለ ስልሽ ከልቤ ነው።

«አሬስቲንግ ፌስ» የሚል ካጋጠመሽ ደግሞ እስር አትፈልጊበት፣ ቀልብ የሚይዝ፣ እያለፍሽ እያለ ቆም ብለሽ የምታዪው ፊት ማለት ነው።

ትምህርቱን ቀጠልሽበት ወይ? ያልገባሽ ቃል ካለ ላኪልኝ፣ አሁን እንደዛኛው ጊዜ በጥድፊያ አልመልስልሽም። ናፍቀሽኛል በጣም።