ስለ ሁለቱ መሪዎች ለልጄ

ልጄ፣ እናቴ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ በግንቦት ጀልባዋን ከጓደኞቼ ጋር ይዤ ልውጣ?» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ልከለክልሽ አስቤ አይደለም፤ ከየት እንደምጀምርልሽ ጠፍቶኝ ነው። ትከሻዬ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ገና አልጠናም፤ ዘንድሮ አብሬሽ አልወጣም። ሸራውን ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባዋን የሚያዞሩትን ሁለቱን መሪዎች ግን በእጄ የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ የት የት እንደሚያማቸው ልንገርሽ።

ሁለት መሪ የመሥራቱ ነገር የጀመረበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ያኔ መሪዋ አንድ ብቻ ነበር። 14 ዓመትሽ ነበር። ከሳውዝ ሪቨር ወንዝ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወጥተን የቶማስ ፖይንትን መብራት ቤት፣ ያን በ1875 የተሠራውንና ውሃ ውስጥ በብረት እግሮች የቆመውን ባለስድስት ጎን ቤት፣ በግራ ትተን ስናልፍ ድንገተኛ ነፋስ ከኋላ መታን። ጀልባዋ አዘነበለች፤ የመሪው እጀታ እጄ ላይ ላባ ሆነ። የመኪና መሪ በረዶ ላይ እንዲህ ይቀልላል። ብገፋው ብስበው መልስ የለም። ጀልባዋ በራሷ ጊዜ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፤ ሸራው እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ አንቺ የፊት ሸራውን ገመድ በሁለት እጅሽ ይዘሽ እስከ ክርንሽ ውሃ ውስጥ ነበርሽ። አላለቀስሽም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የኛ ጀልባ ኋላዋ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ስታዘነብል አንዱ ጎኗ ይሰምጥና የኋላዋ መሐል ከውሃ ይነሳል። መሪው መሐል ላይ ከተሰቀለ አብሮ ይነሳል፤ አየር ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይጨብጥም። ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ታችኛው ጫፋቸው ወደ ውጭ ከፈት ብሎ ይሰቀላሉ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ስትጋደም የዚያ ጎን መሪ ቀጥ ብሎ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ቪዲዮአቸውን ያሳየሽኝ እነዚያ 6.5 ሜትር ጀልባዎች፣ ውድድራቸው በ1977 ከእንግሊዝ የተነሳውና አንድ አንድ ሰው ብቻ ይዘው አትላንቲክን የሚሻገሩት፣ ዛሬ ባለሁለት መሪ ናቸው። ከኛዋ የሚበልጡት በ10 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ያን ሳይ ቆረጥኩ።

ውሃ ውስጥ የሚገቡትን የመሪዎቹን ክንፎች አብረን ስላሸናቸው ልኬቱን አትረሺውም፦ ስፋታቸው 25 ሳንቲሜትር፣ ውፍረታቸው 3 ሳንቲሜትር፣ ወፍራሙ ቦታ ከፊተኛው ጠርዝ በ7.5 ሳንቲሜትር ላይ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄዳል። እንጨቱን ፋይበርግላስና ኤፖክሲ፣ ያን ሲደርቅ የሚጠነክረውን ሙጫ፣ አለበስነው። ከዚህ በላይ አልለውም፤ የኔን ልብ የበላው ስቀላው ነበር።

እያንዳንዱ መሪ የላይና የታች ማጠፊያ አለው። ሁለቱ ማጠፊያዎች በአንድ መስመር ላይ ካልዋሉ መሪው እየታሸ ይዞራል፤ ታሽቶም ይበላል። መሪው 12 ዲግሪ ስለሚያዘነብል በዓይን ግምት አይሆንም። ስለዚህ አንድ ቀጥ ያለ 10 ሚሊሜትር የስቴንለስ ዘንግ በሁለቱም ቀዳዳ አሳለፍኩና ዘንጉ በሁለት ጣት እየተሽከረከረ እስኪገባ ድረስ ማጠፊያዎቹን በጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ አንቀሳቀስኩ። በእርሳስ ምልክት ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ባትሪ ይዘሽልኝ ነበር፤ «አባዬ በቃ ደህና ነው» ያልሽኝ አራት ጊዜ ነው፤ አራት ጊዜም እንደገና ለካሁ።

በቀዳዳዎቹ ግን ተሳሳትኩ። የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም ፋይበርግላስ ነው፤ መሐሉ ኮምፔንሳቶ ነው። በትራፓኖ በሳሁና ማሸጊያ ቀብቼ ብሎኑን አሰርኩ፤ ጨረስኩ ብዬ። በሁለተኛው ክረምት በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳሁ ስሄድ ከግራው የታችኛው ማጠፊያ ዙሪያ ድምፁ ተለወጠ። ደህናው ቦታ ኳ ኳ ይላል፤ ያ ግን እንደ ረጠበ ካርቶን ድም አለ። ብሎኑን ስፈታው ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ፤ ኮምፔንሳቶው በጥፍሬ ይፈረፈር ነበር። እዚያ ላይ ታስሮ ነው አንድ ሙሉ በጋ አንቺን ይዤ የወጣሁት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውልሽ፤ ሌላ ነገር ልታስሪ ብትፈልጊም ይሠራል። ለ8 ሚሊሜትር ብሎን መጀመሪያ 14 ሚሊሜትር ትበሺያለሽ። ቀዳዳውን በወፈረ ኤፖክሲ ሞልተሽ ታደርቂዋለሽ። ከደረቀ በኋላ መሐሉን በ8 ትበሺዋለሽ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኤፖክሲ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ማሸጊያው ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የቀዳዳውን አፍ በትንሹ ሰፋ አድርጊው፤ ማሸጊያው እዚያ እንደ ቀለበት ይቀመጣል። ስታጠብቂ ብሎኑን ከውጭ ያዥና ዳዶውን ብቻ አዙሪ፤ ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲጠብቅ ይነካከሳል፤ ጥርሱ እንዳይነካከስ የሚያደርገውን ቅባት ቀቢና ቀስ ብለሽ አዙሪ። ከውስጥ ከሮንዴላው በታች ሰፊ የፋይበርግላስ ዝርግ አለ፤ ጉልበቱን እሱ ነው የሚያካፍለው። እንዳታወልቂው።

ሁለቱን መሪዎች የሚያገናኘው ዘንግ የኔ ደስታ ነው። ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ስሠራ የመኪና ጎማ ስንት ጊዜ አስተካክያለሁ! ይኸው ያው ነው። የዘንጉ ጫፎች ኳስ ያላቸው ናቸው፤ መሪዎቹ ስላዘነበሉ ተራ ማጠፊያ ቢሆን ይታነቅ ነበር። የአንዱ ጫፍ ጥርስ ቀኝ፣ የሌላው ግራ ነው፤ ዘንጉን ስታዞሪው ይረዝማል ወይም ያጥራል። በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊተኛው ጠርዝና ከኋለኛው ጠርዝ በአንድ ከፍታ ለኪ፤ እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ሁለቱ መሪዎች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ጀልባዋም ፍሬን ተይዞ እንደሚነዳ መኪና ትሆናለች። ሲስተካከል መቆለፊያ ዳዶዎቹን እሰሪ። ሞተሩን ወደ ላይ ስታነሺ ደግሞ ዘንጉን እንዳይመታው እዪ፤ አንድ ቀን ጎብጦብኝ ነበር።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ጀልባዋ ተጎታቿ ላይ እያለች እጀታውን ሰው አስይዢና የክንፉን ጫፍ ጨብጠሽ አወዛውዢው። ቀጭ ቀጭ ካለ ማጠፊያው ውስጥ ያለው ቦኮላ ተበልቷል። የመጀመሪያዎቹ ቦኮላዎች ናይለን ነበሩ፤ ናይለን ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ መሪው ደርቆ አስቸገረን፤ አሁን ያሉት ዴልሪን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። ግሪስ አትቀቢያቸው፤ አሸዋ ይይዛል። ስትመለሺ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ከማጠፊያው ሥር ቡናማ መስመር ወርዶ ካየሽ ጠርገሽ አትለፊው፤ ስቴንለስ አየር በማያገኝበት እርጥብ ቦታ ተደብቆ ይዝጋል።

ውሃ ላይ ስትሆኚ የሚከተለውን አስቢ። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ጀልባችንን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን ብናቆማት ልክ ያን ያህል ናት። ለዚህ ነው ክንፎቹን መሬት ሲነኩ ወደ ኋላ እንዲነሱ ያደረግኳቸው፤ የሚይዛቸው የፕላስቲክ ፒን ሲመታ ይሰበራል። እጀታው ድንገት ከከበደሽ ከነፋሱ ጋር ከመታገልሽ በፊት ዞረሽ ክንፎቹን እዪ። በግማሽ የተነሳ ክንፍ ከማጠፊያው ርቆ ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የሸርጣን ወጥመድ የታሰረባቸውን ተንሳፋፊ ኳሶች በሩቁ ሽሺ፤ ገመዳቸው አንዱን መሪ ካለፈ ሌላው ይይዘዋል። ከያዘሽ ሸራውን ልቀቂና ጀልባዋ ስትቆም ክንፉን አንሺ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከላይ ወንዙ ላይ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ በሮች ሲከፈቱ ግንድ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ መሪዎቻችን በጎን ስለሆኑ ከፊታቸው የሚከላከልላቸው ነገር የለም። ያን ሳምንት ቅሪ።

በሞተር ወደ መቆሚያው ስትገቢ ደግሞ በመሪዎቹ ብቻ አትተማመኚ። ሞተሩ የሚገፋው ውሃ በሁለቱ መካከል ባዶውን ያልፋል፤ ቀስ ስትዪ አይመልሱልሽም። ሞተሩን ራሱን በእጁ አዙሪው። እኔ ይህን የተማርኩት የሰው ጀልባ ገጭቼ ነው፤ ባለቤቱ ደግ ሰው ነበር።

ለስለስ ባለ ነፋስ ሁለት መሪ ስለሚጎትት ጀልባዋ ትንሽ ትዘገያለች። ጓደኞችሽ ቢያጉረመርሙም ታገሺ።

መለዋወጫ ፒኖቹ በቡና ቆርቆሮው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ናቸው፤ ስድስት ቆጥሬ አስቀምጫለሁ። በሚያዝያ ስትመጪ ከመውጣትሽ በፊት የቀኙን የታችኛ ማጠፊያ አንድ ብሎን እናወጣለን፤ ከተሠራ ጀምሮ አልታየም። አንቺ ከውስጥ ገብተሽ ዳዶውን ትፈቺያለሽ፣ እኔ በደህናው እጄ ከውጭ እይዝልሻለሁ።

አባትሽ