ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ስንጽፍ መግነጢሳዊ መከለያውን አንዝለለው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በቅርቡ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ያስነበበውን ሰፊ ጽሑፍ እዚህ ጎንደር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በጥሞና አንብበነዋል። እንዲህ ያለው ርዕሰ ጉዳይ በአማርኛ ቦታ አግኝቶ መውጣቱ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ማሽኖቹ ፍጥነትና ስለ ምስጢራዊ ኮዶች መፈታት ብዙ ሲል፣ ማሽኖቹ እንዲሠሩ የሚደረገውን ዋናውን ድካም፣ ማለትም አንዲትን አቶም በዙሪያዋ ካለው መግነጢሳዊ ረብሻ ጠብቆ የማቆየቱን ሥራ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላነሳውም። ለረጅም ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ይህን ክፍተት በቸልታ ላልፈው አልቻልኩም፤ የእኛ ተማሪዎች በእጃቸው ሊነኩት የሚችሉት የሥራው ክፍል የተዘለለው ይኸው ነውና።

ከኳንተም ኮምፒውተር ዓይነቶች አንዱ በአዮን ወጥመድ የሚሠራው ነው። ኤሌክትሮን የጎደለው አቶም፣ ማለትም አዮን፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሚኖረው በኤሌክትሪክ መስክ ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ አዮንን ባዶ ቦታ ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓውል በ1950ዎቹ አቅጣጫውን በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚቀያይር መስክ ተጠቅሞ ወጥመዱን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሊቃውንትም አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢግናሲዮ ሲራክና ፒተር ዞለር በዚህ መንገድ የተደረደሩ አዮኖች የስሌት መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ በንድፈ ሐሳብ አሳዩ። ወጥመዱን ወደ 4 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዝ ሁለት ጥቅም አለው፦ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ጋዝ ግድግዳው ላይ ረግቶ ስለሚቀር አዮኗን የሚገጫት ነገር ይጠፋል፤ ከኤሌክትሮዶቹ ገጽ የሚነሳውና አዮኗን የሚያንቀጠቅጣት የኤሌክትሪክ ረብሻም እጅግ ይቀንሳል። ቅዝቃዜው ያመጣው ሦስተኛው ጥቅም ግን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነው፤ በዚያ ሙቀት አንዳንድ ብረታ ብረቶች ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፉ፣ ይሆናሉ።

ችግሩን በቁጥር ላስቀምጠው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙባት የካልሲየም አዮን በውጨኛው ንብርብሯ ያለው አንድ ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፤ በዙሪያው ያለው መስክ በ1 ናኖቴስላ (የማይክሮቴስላ አንድ ሺኛ) ሲለወጥ በሁለቱ የስፒን ደረጃዎቹ፣ ማለትም በዚህ ትንሽ ማግኔት ሁለት አቅጣጫዎች፣ መካከል ያለው ድግግሞሽ በ28 ኸርዝ ይዛባል። 1 ናኖቴስላ ማለት ደግሞ ከምድራችን መስክ ከ30 ሺህ እጅ አንዱን እንኳ የማያህል ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለተማሪዎቼ ይህን ለማሳየት በስልኬ ውስጥ ያለውን የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ከፍቼ ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥሩ ከ36 ማይክሮቴስላ ብዙም ሳይርቅ ቆየ። አንድ ባጃጅ መጥቶ ከመስኮቱ ሥር ሲቆም ግን ከነጥብ በኋላ ያለው አኃዝ በሦስት ከፍ አለ፤ ባጃጁ ተሳፋሪውን ጭኖ ሲሄድ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተማሪዎቹ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ራሳቸው ሠሩት፦ ያቺ የ0.3 ማይክሮቴስላ ለውጥ ለአንዲት አዮን ከ8 ሺህ ኸርዝ በላይ መዛባት ናት። በዚህ ሥራ ላይ የሚውሉት ምርጥ ሌዘሮች በ1 ኸርዝ ገደማ ስፋት ውስጥ የሚረጉ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ አንድ ባጃጅ ምን ያህል ሥራ ሊያበላሽ እንደሚችል ይገባዋል።

ባጃጅ ይመጣል፣ ይሄዳል። በየግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር ግን ቀንና ሌሊት አያርፍም። የካልሲየም አዮን በሌዘር ከፍ ተደርጋ የምትቀመጥበት ደረጃ በተፈጥሮው ከ1 ሴኮንድ በላይ ይቆያል፤ ያለ በቂ መከለያ ግን የተሰጣትን መረጃ በጥቂት ሚሊሴኮንዶች ውስጥ ታጣዋለች። ተፈጥሮ የሰጠችንን ጊዜ እጅግ የሚበዛውን ክፍል የሚያባክነው ይህ ረብሻ ነው።

መከላከያዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው በሚገባ ሊታወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ሙ-ሜታል የሚባለው ኒኬል የሚበዛበት ቅይጥ ሲሆን፣ የጣራ አሸንዳ የክረምቱን ዝናብ ሰብስቦ ከቤቱ ዳር እንደሚያፈስሰው ሁሉ መግነጢሳዊ መስመሮችን በራሱ አካል ውስጥ እየመራ ከአዮኗ ያርቃቸዋል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ሲመታ ወይም ሲታጠፍ ጠባዩ ይበላሻል፣ ተራው ዓይነትም በ4 ኬልቪን አቅሙ በጣም ይወርዳል። ሁለተኛው ወፍራም መዳብ ነው። በተለመደው ሙቀት የ50 ኸርዝ መስክ መዳብ ውስጥ ከ9 ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ ይገባል፤ ንጹሕ መዳብ በ4 ኬልቪን የማስተላለፍ አቅሙ መቶ እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ይህ ጥልቀት ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ቀዝቃዛ መዳብ የመብራትን ረብሻ በደንብ ይመክታል። በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለዋወጥን መስክ ግን አያቆመውም፤ መስኩ ሲለወጥ በመዳቡ ውስጥ የሚነሳውና ለውጡን የሚቃወመው መካች ጅረት ደክሞ ይጠፋልና።

ሦስተኛው ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በእኔ እምነት ሙሉ መልስ ወደመሆን የሚቀርበውም እርሱ ነው። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ሌይደን ውስጥ ሜርኩሪን ወደ 4.2 ኬልቪን ሲያቀዘቅዘው የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። እርሳስ በ7.2፣ ኒዮቢየም በ9.2 ኬልቪን እንዲሁ ይሆናሉ። ተቃውሞ ስለሌለ መካቹ ጅረት አይደክምም፤ መስኩ በማይክሮሴኮንድም ይለወጥ በወር፣ ጅረቱ እየተከተለ ይመክተዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በብረቱ ገጽ ላይ፣ በኒዮቢየም ለምሳሌ 40 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ጥልቀት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1933 በርሊን ውስጥ ሱፐርኮንዳክተር ሲቀዘቅዝ መስኩን ከአካሉ እንደሚያስወጣ ካሳዩ ወዲህ፣ የሱፐርኮንዳክተር ዕቃ ውስጡ ሁልጊዜ ከመስክ ነጻ ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፍኗል። ስለ ድፍን አካል ከሆነ አባባሉ ብዙም ከእውነት አይርቅም። መከለያ ግን ቀለበት ወይም ቱቦ ነው፤ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ውስጥ የሚቀረውም ብረቱ ወሳኙን ሙቀት፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበትን፣ አልፎ በቀዘቀዘባት ቅጽበት በውስጡ ያልፍ የነበረው መስክ ነው። መከለያው ያገኘውን መስክ ባለበት ያጸናዋል ማለት ነው። ለአዮን ወጥመድ ይህ ጉድለት አይደለም፤ የምንፈልገው ራሱ ነው። አዮኗ የስፒኗን አቅጣጫ የምትለይበት መስክ ያስፈልጋታልና ዜሮ መስክ አይመቻትም፤ የሚያስፈልጋት የማይነቃነቅ መስክ ነው። ባለሙያዎቹ አስቀድመው በመጠምጠሚያ ሽቦ የሚፈልጉትን መስክ ያቆማሉ፣ ከዚያ ያቀዘቅዛሉ፤ መከለያውም ያንኑ መስክ ይዞ ይቀራል። በማቀዝቀዣው ቅጽበት ባጃጅ ቢያልፍ የባጃጁ ድርሻም አብሮ ይታተማል። ጥንቃቄው ያለው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ ካልተሳካም እንደገና አሙቆ መጀመር ግድ ይሆናል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቀለበት የሚጠብቀው በጠቅላላው የሚያልፍበትን ፍሰት እንጂ መሃሉ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ አይደለም፤ ቅርጹ በስሌት ካልተበጀ በስተቀር አዮኗ ባለችበት ቦታ የተወሰነ ለውጥ ሊቀር ይችላል። ጄራልድ ጋብሪኤልስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1988 ራሱን በራሱ የሚከልል የመጠምጠሚያ ቅርጽ በስሌት ያወጡት ይህን ለማስተካከል ነበር። ቱቦውም ለሌዘር የሚሆን ክፍት አፍ ስለሚያስፈልገው መስክ ከአፉ ይገባል። በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ የሚመጣው መስክ አንድ ራዲየስ ያህል ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ወደ 46ኛ ክፍሉ ይወርዳል፤ ከጎን የሚመጣው ግን በዚያው ርቀት ወደ 6ኛ ክፍሉ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ አጭር ቱቦ ከጎን ለሚመጣ መስክ ደካማ መከለያ ነው። በጀርመን ሃይደልበርግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኒውክሌር ፊዚክስ ተቋም የተሠራው ወጥመድ ይህን በሌላ መንገድ ፈትቶታል፤ ወጥመዱ ራሱ ከኒዮቢየም በተሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ ስላለ፣ አዮኖቹን የሚይዘው አካል መከለያቸውም ሆኖ ያገለግላል። አሠራሩን ሳጠና እጅግ ተደስቻለሁ፤ ሁለት ሥራ በአንድ አካል መከናወኑ የጥሩ ምሕንድስና ምልክት ይመስለኛል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ መከለያ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ መግለጽ ይኖርብኛል። እንደ ይተርቢየም 171 ያሉ አዮኖች ለመስክ ለውጥ እምብዛም የማይነኩ ደረጃዎች አሏቸው። ሆኖም በቻይና የቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የአንዲት ይተርቢየም አዮን የመረጃ ዕድሜ ከ1 ሰዓት እንደሚበልጥ የገመቱት በሙ-ሜታል መከለያ ታግዘው ነው። ቻይ የሆነችው አዮንም ጥበቃ አልቀረላትም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ የሚያልፍባት አገር ናት። ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፣ ይህን ወገብ ተከትሎ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል፤ በእርሱም ምክንያት መስካችን ከጠዋት እስከ ቀትር በአሥርዎች በሚቆጠር ናኖቴስላ ከፍ ይልና ማታ ይመለሳል። ለውጡ 50 ናኖቴስላ ቢሆን እንኳ ለአዮኗ የ1,400 ኸርዝ መዛባት ነው። ይህ ደግሞ መዳብ ፈጽሞ የማያቆመው፣ ሱፐርኮንዳክተር ግን የሚመክተው ዘገምተኛ ለውጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከእ.ኤ.አ. 1957–58 ጀምሮ ይህን ለውጥ ሲመዘግብ ኖሯል። ይህን መዝገብ ይዞ የመከለያ ጥናት ለሚጀምር ተማሪ ከእኛ ሰማይ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ወደ 4 ኬልቪን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ፈሳሽ ሂሊየም እዚህ ጎንደር የለም፤ የአዮን ወጥመድ ነገ እንትከል አልልም። ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች በሞተር ሳይክል ጭነው ገጠር ለገጠር የሚዞሩበት ኮንቴነር ውስጥ ያለው የኮርማ ዘር የሚጠበቀው በዚሁ በ77 ኬልቪን ፈሳሽ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቤድኖርዝና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1986 ከፍ ባለ ሙቀት ለሚሠሩ ሱፐርኮንዳክተሮች በከፈቱት መንገድ የተገኘው የይትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ደግሞ በ92 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። የሦስቱ ንጥረ ነገሮች አቶሞች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሆነ ምጥጥን እንዲገቡ ዱቄቱ ተመዝኖ ይፈጫል፣ ይጠቀጠቃል፣ በ950 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይተኮሳል፣ ከዚያም ኦክስጅን እየተሰጠው ቀስ ብሎ ይበርዳል። ከሚደባለቁት ዱቄቶች አንዱ የሆነው ባሪየም ካርቦኔት መርዛማ መሆኑና ናይትሮጅን በታፈነ ክፍል ውስጥ አየር እንደሚያሳጥር መምህሩ አጥብቆ ማስጠንቀቅ አለበት፤ ከዚህ ውጪ የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ሚዛን፣ መጠምጠሚያ ሽቦና አነስተኛ የመስክ መለኪያ ነው። ተማሪዎች ከዚህ ቁስ ቱቦ ሠርተው፣ መለኪያውን በውስጡ አስቀምጠው፣ ከውጭ መስክ እየለዋወጡ ቢያዩ፣ ከላይ የጻፍኩትን የማጽናት ጠባይ በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። የሚለካው መጠን ከሃይደልበርጉ ቢያንስም ሕጉ አንድ ነው።

ኒዮቢየምም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጉጂ ዞን የቀንጢቻ ታንታለም ማዕድን ውስጥ ኒዮቢየም ከታንታለም ጋር ተጣምሮ ይገኛል። አፈራችን የያዘውን ብረት ጠባይ የሚያውቅ የፊዚክስ ምሩቅ ማፍራት ቅንጦት ነው የሚሉኝን ባልደረቦች አከብራለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀበልም።

ስለሆነም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚክስ ክፍሎች ከዳልጋ ከብት ዝርያ ማሻሻያ ማዕከላት ጋር ተነጋግረው፣ በሴሚስተር አንድ ጊዜ እንኳ ጥቂት ሊትር ናይትሮጅን ለማስተማሪያ የሚያገኙበትን አሠራር ያመቻቹ። ጋዜጣችሁም ስለ ኳንተም ኮምፒውተር በሚቀጥለው ጊዜ ሲጽፍ ከፍጥነቱ ጎን ለመከለያው አንድ ዓምድ ይስጠው። ቦታው ከተገኘ፣ ከላይ የጠቀስኩትን ሙከራ ከቁሳቁሱ ምጥጥን እስከ መለኪያው አቀማመጥ ድረስ በዝርዝር ጽፌ፣ ሥዕሎቹንም አዘጋጅቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ጎንደር