የአማርኛ ገጾቻችንን የማይነበቡ ስላደረገው የሰርቨር ለውጥ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አነስተኛ የመጻሕፍት መደብር አለችኝ። የመደብሯ ድረ ገጽ የሚቀመጠው እናንተ ሰርቨር ላይ ነው። የዓመቱን ክፍያ ቀን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ። እስካለፈው ወር ድረስ ቅሬታም አልነበረኝም። «ወደ ፈጣን ሰርቨር አዛውረናችኋል፤ ከእናንተ የሚጠበቅ ነገር የለም» የሚል መልእክት ከላካችሁ ወዲህ ግን አማርኛው ጠፋ።

ጠፋ ስል የምሬን ነው። የመጽሐፉ ርዕስ፣ የደራሲው ስም፣ አድራሻችን ሳይቀር፣ አናቷ ላይ ጭረት ባለባት የላቲን ኤ እና በማይታወቁ ምልክቶች ተወሯል። የተረፉት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ደንበኛ ገጹን ሲከፍት 450 የሚል ዋጋ ያያል፤ የምን ዋጋ እንደሆነ ግን ማን ይንገረው? አንድ የቆዩ ደንበኛችን ደውለው «ልጄ፣ ሱቁን ለውጭ ሰው ሸጣችሁት እንዴ?» ብለውኛል። ለእሳቸው ስለ ሰርቨር ምን ብዬ ላስረዳ?

የድጋፍ ጥያቄ (ቲኬት) ስከፍት የመጣልኝ መልስ «የዎርድፕሬስ ፕለጊኖችዎን ያዘምኑ፤ ዳታቤዙንም ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይሩ» ይላል። ዩቲኤፍ-8 የሚሉት ኮምፒውተር አማርኛንም ሆነ የሌላውን ዓለም ፊደል የሚያስቀምጥበት ስልት ነው። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ! ገጽ ማስተዳደሪያው ዎርድፕሬስም ሆነ በላዩ የሚጨመሩት ፕለጊኖች የሉኝም። መረጃ የሚከማችበት ዳታቤዝም የለኝም። ይህንኑ ብጽፍላችሁ ሌላ ባለሙያ ያንኑ መልስ ገልብጦ ላከልኝ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንድገዛ መከረኝ።

ስለዚህ ከመሠረቱ ልጀምር። ሳይቱ የሚሠራው ሁጎ በሚባል፣ ገጾችን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። የመጽሐፉን መግለጫ በማርክዳውን፣ ማለትም በቀላል የጽሑፍ ምልክቶች፣ እጽፋለሁ። ሁጎ እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ብሮውዘር ወደሚያነበው የገጽ ቋንቋ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል፣ ይቀይረዋል። የተዘጋጀውን ፎልደር ወደ እናንተ እጭናለሁ። በቃ። ከሰርቨራችሁ የሚጠበቀው ፋይሉን እንዳለ ለጠየቀው ሰው ማቀበል ነው። ይህን መንገድ የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር፤ የሚዘመን ፕለጊን የለውም፣ ኔትወርክ ሲደክምም ገጹ ቶሎ ይከፈታል።

ያንኑ ፎልደር ላፕቶፔ ላይ በሁጎ የራሱ ሰርቨር፣ በ1313 ፖርት ስከፍተው አማርኛው ጥርት ብሎ ይነበባል። የብሮውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሰርቨራችሁ ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር ጽሑፉ አይኤስኦ 8859-1 (ለላቲን ፊደል ብቻ የተሠራ ስልት) ነው የሚል ሄደር፣ ማለትም ከገጹ ቀድሞ የሚደርስ መግለጫ፣ ይልካል። አይደለም። ገጾቼ ዩቲኤፍ-8 ናቸው፤ ይህም በየገጹ አናት ላይ ተጽፏል። የሰርቨሩና የገጹ ቃል ሲጋጭ ግን ብሮውዘር የሚያምነው ሰርቨሩን ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል። 8859-1 ደግሞ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። በዚህ የተነሳ አንዷ «አ» ተበትና ሦስት ትሆናለች። ቁጥሮቹ የተረፉት በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለሆኑ ነው።

ድሮ ይህን ለሰርቨሩ ትእዛዝ በሚሰጥ፣ ኤችቲአክሰስ በሚባል ፋይል ራሴ አስተካክለው ነበር። አዲሱ ሰርቨር ያንን ፋይል አያነበውም፤ ዘግታችሁታል። መዝጋቱ መብታችሁ ይሁን። ሳትናገሩ ዘግታችሁ «የሚጠበቅባችሁ ነገር የለም» ማለት ግን ምን ይሉታል?

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይብሳል። አዲሱ ሰርቨር የኤችቲኤምኤል ገጾችን ጭምር ብሮውዘር ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጣቸው ያዛል። ለምስል ይሁን፣ አልከፋም። ለዋጋ ዝርዝር ግን አይሆንም። ወረቀት በተወደደ ቁጥር ዋጋ እንቀይራለን፤ ደንበኛው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ በድሮው ዋጋ ይከራከረናል። ዛሬ ፊደሉን ብታስተካክሉ እንኳ፣ የተበላሸውን ገጽ አንዴ ያየ ሰው ስልኩ ውስጥ የቀረውን ደጋግሞ ሊያይ ነው። «ሪፍሬሽ አድርጉ» ብዬ ለስንቱ ልደውል?

የምጠይቀው ይህን ነው። ሄደሩን ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩልኝ፤ ወይም የፊደሉን ነገር ከሄደሩ አውጡትና ገጾቹ ራሳቸው ይናገሩ። በኤችቲኤምኤል ፋይሎች ላይ ያለውን የአንድ ዓመት ትእዛዝም አንሱ። ሁለቱም በሰርቨሩ የማስተካከያ (ኮንፊግ) ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር ናቸው እንጂ ፓኬጅ የሚያስገዙ አይደሉም። ሳይቱ ሳይነበብ ለቆየበት ጊዜ የከፈልኩት ይመለስልኝ፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍልኝ። መልሱን ደግሞ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይጻፍልኝ።

እስከ ኅዳር 30 ድረስ ካልተስተካከለ ፎልደሩን ሌላ ቦታ እወስዳለሁ። ፋይል ብቻ ስለሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) ግን በእናንተ በኩል የተመዘገበ በመሆኑ የማዛወሪያ ኮዱን ከአሁኑ እንድታዘጋጁልኝ እጠይቃለሁ። የሄደሩን ስክሪንሾት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት
ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ