ማን ጠየቀ? በየትኛው ቋንቋ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች አስተያየት ስትዘግቡ «የዚህ ብሔር ተወላጆች ይደግፋሉ፣ የዚያኞቹ ይቃወማሉ» የሚል ቁጥር ታወጣላችሁ። ማን በምን ቋንቋ እንደጠየቃቸው ግን አይጻፍም። ያለዚያ ቁጥሩ አይታመንም።

በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በኮዬ ፈጬ በር የሚከፍት ሰው መጠይቁ ሳይጀመር ጠያቂውን መዝኖ ጨርሷል። ስሙን ሰምቷል፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ ሰላም እንዳለው ልብ ብሏል፣ «አገርህ ወዴት ነው?» ብሎም ጠይቋል። ከዚያ ወዲያ ስለ መሬት ካሳ ወይም ስለ ቀበሌው የሚሰጠው መልስ በጠያቂው ልክ የተሰፋ ነው። ባዕድ ከመሰለው «ደህና ነው፣ ምን እንላለን» ይላል። ወገኔ ለሚለው ደግሞ ከልቡ አክርሮ ሊናገር ይችላል። ሁለቱም ያሳስታሉ። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ጥቁር ነዋሪዎችን ከፊሎቹን ነጭ፣ ከፊሎቹን ጥቁር ጠያቂዎች አነጋግረዋቸው ነበር፤ ጦሩ ጥቁሮችን ይበድላል ብለው በግልጽ የተናገሩት ጥቁር ጠያቂ በገጠማቸው ዘንድ በብዙ ይበልጡ ነበር።

መላው ከባድ አይደለም። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ ጠያቂዎች ይቀጠሩና በዕጣ ይመደቡ። ለየሰፈሩ «የሚስማማው» ከተላከ የነዋሪውን አቋም ከጠያቂው ተጽዕኖ መለየት አይቻልም። ቋንቋውን ነዋሪው ይምረጥ፤ የጠያቂው አፍ መፍቻም በየመጠይቁ ይመዝገብ። የብሔር ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ከፊት ከገባ ሰው የቀረውን ሁሉ እንደ ብሔሩ እንደራሴ ሆኖ ይመልሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበን የቤት አመራረጡ ነው። የቤት ቁጥር ዝርዝር ይዞ የወጣ ጠያቂ ኮንዶሚኒየሙን ያዳርሳል፤ ጨረቃ ቤቱንና ከብሎኩ ጀርባ የቀረውን የገበሬ ግቢ ያልፋል። በሥራ ቀን ጠዋት ከሄደ ደግሞ ሠራተኛውን አያገኝም፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ይሻላል። ገበሬው በካሳው፣ ባለኮንዶሚኒየሙ በባንክ ዕዳው፣ የጨረቃ ቤቱ ሰው በዶዘሩ ይጨነቃል። የሦስቱ ብሔር ሲለያይ የመሬት ጉዳይ የነበረው ሰንጠረዡ ላይ የብሔር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቤት የሚኖሩት እርስ በርሳቸው ይነጻጸሩ።

ስለ ናሙናውም እንጨምር። 400 ሰው በዕጣ ተመርጦ ሲጠየቅ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ነጥብ ያህል ሊስት ይችላል። ከእነሱ 100ውን ለይታችሁ «የዚህ ብሔር አቋም» ስትሉ ስህተቱ ወደ 10 ይደርሳል፤ 54 በመቶ ደገፈ የሚለው ያኔ ለፊት ገጽ አይበቃም።

የመስክ ጥናት ሠራተኞች
ከለገጣፎ