በሐምሌ እንነሣለን

ደሴ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽስ፣ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱም ኔትወርኩም ሲዘጋና ሲከፈት ድምፅሽን ሳልሰማ ብዙ ጊዜ አለፈ። በሰው እጅ የላክሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ከሁሉም በፊት ዓይኔ ያረፈው «ልጆቹን ይዘሽ ልትወጪ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄሽ ላይ ነበር። እውነት ነው። ባለቤቴ በነርስነት ተቀጥሮ ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ የምትባል ከተማ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ የእኛም ቪዛ ተፈቅዷል። የዚያ አገር ትምህርት በነሐሴ ስለሚጀመር፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሐምሌ እንነሣለን።

ለኑሮ ብቻ ቢሆን እሱ እዚያ እየሠራ ሲልክልን እኔም እዚህ እያስተማርኩ ልጆቻችንን ባሳደግን ነበር፤ ከአገሬ የሚያስነሣኝ ትምህርታቸው ነው። በነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ ልጆችሽን ይዘሽ እኛ ዘንድ መጣሽ፤ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ደግሞ አብረን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ስንመለስ ክፍሉ ዴስክና መስኮት አጥቶ ያገኘነውን፣ ልጆቹም ያነበቡትን ጭምር ረስተው የጠበቁንን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያ ገና ሳይጠገን ሌላው ግጭት መጣ፤ በገጠር የሚያስተምሩ ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ በራቸው የተዘጋ ትምህርት ቤቶች አሏቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመላ አገሪቱ በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ልጆቹን ሰነፍ ይላል፤ እኔ ግን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሲቆራረጥ የመጣ ትምህርት ውጤት መሆኑን በየቀኑ ፊት ለፊቴ አየዋለሁ።

ነገር ግን ውጭ አገር የገባ ልጅ ሁሉ ይማራል ብዬ አላምንም። ባለቤቴ እዚያ ያሉ ወላጆችን እያነጋገረ፣ እኔም እያነበብኩ የደረስንበት ነገር ቢኖር፣ ከአገሩ ትምህርት ጥራት እኩል ልጁ በስንት ዓመቱ እንደሚገባ መታየት እንዳለበት ነው። ላይፕዚግ ባለችበት በሳክሶኒ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው ጊምናዚየምና በአብዛኛው ወደ ሙያ ሥልጠና በሚያመራው ኦበርሹለ በሚባል ትምህርት ቤት ይለያያሉ። አንድ ልጅ በአሥር ዓመቱ፣ ለዚያውም ቋንቋውን ገና ሳይችል እንዲህ ሲለይ አስቢው። በኋላ መሸጋገር ይቻላል፤ ሆኖም ቀላል አይደለም። በካናዳ ያስተማሩት የሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳሳዩት፣ ልጅ የመጫወቻና የመግባቢያ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ ለትምህርት የሚበቃውን ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለማድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስድበታል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የምጨነቀው ለመካከለኛዋ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወደ አራተኛ ከምትገባ ሦስተኛ ክፍል እንድትመደብ ልንጠይቅ ወስነናል። ጓደኞቿ ቀደሙኝ ብላ ታለቅስ ይሆናል፤ እኔ ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ልገዛላት እፈልጋለሁ።

ትንሹ አምስት ዓመቱ ስለሆነ መዋዕለ ሕፃናት ገብቶ ቋንቋውን በጨዋታ ይይዘዋል፤ ስለ እርሱ አላስብም። ትልቁ ዘንድሮ 9ኛን ይጨርሳል፤ መጀመሪያ ጀርመንኛ በሚሰጥበት የመሰናዶ ክፍል ይቆያል። እንደምታውቂው የተበላሸ ሬዲዮና ምጣድ ሲፈታ የሚውል ልጅ ነው። በዚያ አገር ወጣቱ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በድርጅት ውስጥ እየሠራና እየተከፈለው፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት እየተማረ የሚሠለጥንበት ሥርዓት አለ። እኛ ዘንድ ሙያ ውጤት ያነሰው የሚገባበት ሆኖ መታየቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ልጄ በዚያ መንገድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሆን ደስታዬ ሙሉ ነው።

ትልቋ ልጅሽም አሁን ወደ ውጭ ብትሄድ ይሻላል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝም የማስበውን በግልጽ ልንገርሽ። ዕድሉ ቢገኝ እንኳ ከ11ኛ ክፍል አቋርጣ ባትሄድ እመርጣለሁ። 12ኛን ጨርሳ፣ ማስረጃዋን ይዛ ብትወጣ፣ የአገሯ ውጤት በቀጥታ ባያስገባትም ሽቱድየንኮሌግ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርት በኩል መግባት ትችላለች፤ አቋርጣ ከሄደች ግን በሁለቱም አገር ያልተጠናቀቀ ትምህርት ይዛ እንዳትቀር እፈራለሁ። አብሽሪ፣ ጊዜ አላት።

አማርኛቸውን በተመለከተ፣ መናገሩን በቤት ውስጥ አያጡትም፤ የሚጠፋው ማንበቡና መጻፉ ነው። መካከለኛዋ አሁን ደኅና አድርጋ ታነባለች፤ ትንሹ ግን ፊደል ገና አልቆጠረም። የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ፤ በየማታው፣ ከጀርመንኛው የቤት ሥራ በፊት።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እኔ ለሕክምና አዲስ አበባ ስመላለስ ትልቁ በ2015 አንቺ ቤት ሆኖ 7ኛ ክፍልን ወልድያ ተምሯል። የዚያን ዓመት ውጤት የሚያሳይ፣ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት ያስፈልገኛል፤ የደሴውን ይዣለሁ። ወደ ጀርመንኛ ለማስተርጎምና ለማረጋገጥ ጊዜ ስለሚወስድ፣ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቢደርስልኝ ይበቃል። ርእሰ መምህሩ የወላጅ ውክልና ከጠየቁሽ በቶሎ አሳውቂኝና ጽፌ እልካለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን ራስሽ ይዘሽው ብትመጪ፣ ልጆችሽንም ብታመጫቸው፣ ሳንለያይ ጥቂት ቀን አብረን ብንቆይ እንዴት ደስ ባለኝ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለመንገዳችን ይመርቁን።

የምትወድሽ እኅትሽ